ልጆች ራሳቸው የሚቆጥሩባቸው መጫወቻዎች ይሠሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

የከተማችን መዋዕለ ሕፃናትና የቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች ለመጪው ዓመት የማስተማሪያ ቁሳቁስ ለመግዛት ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት፣ ለሒሳብ መለማመጃ ስለሚገዟቸው መጫወቻዎች አንድ ነገር እንዲያጤኑ ለማሳሰብ ይህን ጽፌያለሁ። እኔ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር የጅማ ነዋሪ ነኝ።

በመርካቶ ሱቆቻችን ተደርድረው ከምናያቸው የቁጥር መጫወቻዎች ብዙዎቹ በባትሪ የሚሠሩ፣ ቁልፋቸው ሲነካ በእንግሊዝኛ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እያሉ የሚዘምሩ ናቸው። ወላጅም ልጁ አብሮ ሲዘምር ሲሰማ ቁጥር አወቀልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ሆኖም እስከ ሃያ ሳይሳሳት የሚዘምረውን ያንኑ ልጅ «ከዚህ ቆርኪ ሰባቱን ቁጠርና ስጠኝ» ቢሉት፣ ጣቱ ከአፉ ቀድሞ ይሄዳል፤ አንዱን ቆርኪ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፣ ሌላውን ይዘልላል፣ ሰባት ላይ መቆም እንዳለበትም ይዘነጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሲቆጥር የከረመው መጫወቻው እንጂ እሱ አይደለም። (ባትሪው ያለቀ ዕለት ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ያልቃል።)

ልጁ እየተንቀሳቀሰ፣ በገዛ እጁና እግሩ እየቆጠረ የሚማርበት ጨዋታ የግድ ውድ መሆን የለበትም። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ መደበኛ ትምህርት ያልጀመሩ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 በቀጥታ መስመር በተጻፈበት ሰሌዳ በድምሩ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ተጫውተው ቁጥር በመለየት፣ በመቁጠርና የትኛው እንደሚበልጥ በመናገር በግልጽ ተሻሽለዋል፤ በቁጥር ፋንታ ቀለም ብቻ ባለበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ይህን መሻሻል አላሳዩም። ይህንኑ ሰሌዳ መሬት ላይ ብናወርደው ሴት ልጆቻችን በየደጁ ከሚዘልሉት ሰኞ ማክሰኞ ብዙ አይርቅም። ዐሥር ሳጥኖች በአንድ መስመር ተሥለው ቁጥር ይጻፍባቸው፤ አራት ላይ የቆመችው ልጅ ሦስት ስትዘልል «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ከማለት ይልቅ የምታርፍባቸውን ሳጥኖች «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» እያለች ትጥራ። መምህራን በዚህች ነጥብ ላይ እንዳይቸኩሉ አደራ እላለሁ፤ በየጊዜው ከአንድ የምትጀምር ልጅ እግሯን እንጂ መደመርን አታለማምድም።

ገበጣን ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ የሥራ ፈት ጨዋታ አድርገን ትተነዋል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ባላቸው ሁለት ረድፎች አራት አራት ጠጠር የሚያድል ልጅ 48 ጠጠርን ለ12 ጉድጓድ እኩል አካፍሏል፤ ማካፈል የሚባለውን ትምህርት የሚያገኘው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ከአንድ ጉድጓድ አራት ጠጠር አንሥቶ አንድ በአንድ እየጣለ ይሄዳል፤ ሲለምድ ደግሞ ጠጠሩን ጨብጦ እጁን ከማንቀሳቀሱ በፊት ዓይኑ ጉድጓዶቹን ተራ በተራ ሲያልፍባቸው፣ ከንፈሩም በዝግታ ሲንቀሳቀስ ይታያል። የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምትወድቅ እያሰላ ነው። ማንም ሒሳብ ሥራ ብሎ አላዘዘውም። በአፋን ኦሮሞ የሚማረውም በአማርኛ የሚማረውም ያለ አስተርጓሚ አብረው ይጫወቱበታል።

ጅማ ደግሞ በበርጩማዋ አገር የሚያውቃት ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ለሚያወጣ ባለሙያ ገበጣ መፈልፈል አይከብደውም። ከበርና ከመስኮት ሥራ የሚተርፈው ቁርጥራጭ እንጨትም ቤልጂጋዊው መምህር ጆርጅ ኪዩዝኔር ለክፍሉ እንዳዘጋጃቸው ያሉ የመለኪያ ዘንጎች ይወጡታል። የእሱ ዘንጎች ከአንድ እስከ ዐሥር ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ በየርዝመታቸው ቀለም የተቀቡ ሲሆኑ፣ ልጁ የሦስቱንና የአራቱን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ከሰባቱ ጋር እኩል መሆናቸውን በዓይኑ ያያል።

ስለዚህ የከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤቶቹ ከሚመድቡት ገንዘብ የተወሰነውን በማኅበር ለተደራጁ የእንጨት ሠራተኞች ትእዛዝ ቢያውሉት ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ክረምታችን ረጅም ስለሆነ የመዝለያው መስመር ክፍል ውስጥ ተዘርግቶ በሚጠቀለል ወፍራም ሸራ ላይ ቢቀባ ይመረጣል። እንጨቱ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት የተሞረደ፣ ቀለሙም ሕፃን ወደ አፉ ቢያስገባው የማይጎዳ እንዲሆን በትእዛዙ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚውሉበት ክፍልም ለጉሮሮ የሚያሰጋ ትንሽ ጠጠር አይግባ፤ ለእነሱ በእጅ የሚጨበጡ ትልልቅ የእንጨት ኳሶች ይሠሩላቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከጅማ