ከአራት አንዱ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዓመት ድምፄን ማጥፋቴን በይቅርታ እለፈውና የእህትህን ነገር እናንሳ። «መቅኔ የሚሰጥ ፈልጉ አሉን፤ የእማማ የደም ዓይነት ከእሷ ጋር አንድ ስለሆነ እሳቸው ይሰጣሉ» ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል።

የደም ዓይነት ሌላ፣ ኤችኤልኤ (ሰውነት የራሱን ሴል ከባዕድ የሚለይበት ምልክት) ሌላ ነው። የደም ዓይነት ቢለያይም መቅኔ ይተከላል። መግጠም ያለባቸው 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲአርቢ1 እና ዲኪውቢ1 የሚባሉት ጂኖች ናቸው፤ ሰው ከየአንዳንዱ ሁለት ሁለት ስላለው ነው «10 ከ10» የሚባለው። ካልገጠሙ ወይ ሰውነቷ የተተከለውን ይገፋል፣ ወይ የተተከለው በተራው ቆዳዋን፣ አንጀቷንና ጉበቷን ያጠቃል።

ጂኖቹ ተጠጋግተው ስለተቀመጡ እንደ አንድ ጥቅል ይወረሳሉ፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። ስለዚህ እማማ በአብዛኛው ግማሽ ብቻ ናቸው። ወንድምና እህት ሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። «አራት ስለሆንን አንዳችን አንቀርም» እንዳትሉ፤ ዕድላችሁ አይደመርም፤ የእያንዳንዳችሁ ያለመግጠም ዕድል ተባዝቶ ከመቶ ነው የሚቀነሰው፤ ቢያንስ አንዳችሁ የምትገጥሙት 68 በመቶ ያህል ነው። በአባት ብቻ የምትገናኙት ወንድማችሁ ቢበዛ ግማሽ ነው።

ከቤት ካልተገኘ የውጭ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ አለ፤ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥህም። የአሜሪካው መዝገብ ኤንኤምዲፒ ራሱ በሚያወጣው ቁጥር፣ ሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለነጭ ታማሚ 79፣ ለጥቁር ታማሚ 29 በመቶ ያህል ነው። መዝገቡ ላይ የእኛ ሰው ጥቂት ነውና።

ዛሬ ግን ግማሽ ብቻ ከሚገጥም ለጋሽም ይተከላል። ከተከላው በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ በኪሎ 50 ሚሊግራም ይሰጣል። መድኃኒቱ በባዕድነት ተቆጥተው መባዛት የጀመሩትን ነጭ ሴሎች ይመታል፤ ደም የሚያመርቱት ግንደ ህዋሶች ግን መድኃኒቱን የሚያመክኑበት ኢንዛይም ስላላቸው ይተርፋሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እህትህ ሦስት ወልዳለች። በእርግዝና ጊዜ ሰውነቷ ከባሏ የመጣውን ጥቅል እንደ ባዕድ አይቶ አንቲቦዲ (ባዕድን የሚዋጋ ፕሮቲን) ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ልጆቿ ግማሽ ይሆናሉ ተብሎ ሳይመረመር ከእነሱ ከተወሰደ የተተከለው ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። «በለጋሹ ላይ አንቲቦዲ አላት ወይ?» ብለህ አንተው ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ተረስቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወሰው። ዘመድ ሁሉ ደም ልስጥ ብሎ መሰለፉም ደግ ነው፤ ነገር ግን ለጋሽ ሊሆን የሚችል ሰው ደም በቀጥታ ለእሷ አይሂድ፤ ያም አንቲቦዲ ያስነሳል።

ስለ ናሙናው፦ የእሷ ደም በካንሰር ሴል የተሞላ ከሆነ እነዚያ ሴሎች የ6ኛውን ክሮሞዞም ቁራጭ ጥለውት ይገኙ ይሆናል፤ ያኔ ሁለት መሆን የሚገባው ጂን አንድ ብቻ ሆኖ ይነበባል። ውጤቱ በየቦታው አንድ አንድ ካሳየ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ዱላ ይወሰድ፤ ከዚያ በፊት እሷ ግማሽ ሰዓት አትብላ፣ አትጠጣ። ቱቦው ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፤ አንድ ፊደል ሲዛነፍ ናሙናው ይመለሳል፣ ቀን ይበላል። ለጋሽ ከተመረጠ በኋላም እንደገና በሌላ ቀን በተቀዳ ናሙና ይረጋገጥ።

ውጤቱ ሲመጣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። «ኤ2» ብቻ ከሆነ ጥራቱ ዝቅተኛ ነው፤ «ኤ*02:01» እንደሚለው እስከ ሁለተኛው ቁጥር የወረደውን ጠይቅ። እማማን ሳምልኝ።

ጓደኛህ