ጉዳዩ፦ «ለአርም64» ተብሎ የተላከልን ኢሜጅ ስለማይሠራ የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልን። የምጽፍላችሁ ኮምቦልቻ ካለው የመኪና መለዋወጫ መደብራችን ነው። የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌራችሁን በዓመት እየከፈልን እንጠቀማለን። ደሴ ፒያሳ ያለው ቅርንጫፋችንም የሚሠራው በዚሁ ሰርቨር ነው።

ሰርቨራችን ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለ፣ አርም64 ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። መብራት ሄድ መጣ ስለሚል ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስድ፣ በትንሽ ባትሪ የሚቆይ ማሽን ያስፈልገን ነበር። ከመክፈላችን በፊት ጠይቀናችሁ «አርም64 ላይ ይሠራል» ብላችሁ በጽሑፍ መልሳችኋል። ያለፈው ቨርዥንም ሠርቶልናል።

አዲሱ ኢሜጅ (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገበት ጥቅል) ግን ያለችግር ይወርድና ኮንቴይነሩ፣ ማለትም ከኢሜጁ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ሲነሳ «ኤክዜክ ፎርማት ኤረር» (ፋይሉ ለዚህ ማሽን የሚሆን አይደለም) ብሎ ወዲያው ይወድቃል። ኢሜጁን ፈትቼ ውስጡን አየሁት። መለያው አርም64 ይላል። መሠረት የሆነው ቤዝ ኢሜጁም፣ ትዕዛዝ የሚቀበለው ሼሉም የአርም ናቸው። የእናንተን ፕሮግራም በ«ፋይል» ትዕዛዝ ሳየው ግን ኤክስ86-64 ነው፤ ማለትም የተሠራው ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ነው።

ፕሮግራሙን እናንተ ጋ አንዴ ኮምፓይል አድርጋችሁ (ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ ቀይራችሁ) ዶከርፋይሉ (ኢሜጁ የሚሠራበት የትዕዛዝ ዝርዝር) ውስጥ ኮፒ ብቻ የምታደርጉት ይመስለኛል። የዶከር ኢሜጅ መሥሪያ የሆነው ቢልድኤክስ ሁለት ፕላትፎርም (የፕሮሰሰር ዓይነት) ሲታዘዝ ሁለት ኢሜጅ ይሠራል እንጂ የተቀዳለት ፋይል የየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ አይመረምርም። ቢልዱ በሰላም ያልቃል፤ ጉዱ የሚወጣው ደንበኛው ጋ ነው።

«ኤም1 ማክ ላይ ሞክረነው ሠርቷል» ብላችሁኛል። እሱ ማረጋገጫ አይሆንም። ማክ ላይ ያለው ዶከር ዴስክቶፕ የኢንቴል ፕሮግራምንም በኢሙሌሽን (ለሌላ ፕሮሰሰር የተሠራን እየተረጎመ) ስለሚያስኬድ ስህተቱ ይሸፈናል። እኛም ኪውኢኤምዩ የተባለውን የኢሙሌሽን ፕሮግራም እንድንጭን ተመክረናል። በዚህች ትንሽ ማሽን ላይ እያንዳንዱ ትዕዛዝ እየተተረጎመ ሲሄድ ደረሰኝ የሚጠብቅ ደንበኛ ቆሞ ሊውል ነው። በመጨረሻ «ኢንቴል ኮምፒውተር ግዙ» መባላችን ከሁሉም በላይ አሳዝኖናል።

ለአዲሱ ቨርዥን ተጨማሪ የከፈልነው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ዕቃ ማዘዋወሪያውን ፈልገን ነው። አሁንም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚገባው ፍሬን ሸራና ፊልትሮ በስልክና በደብተር ነው የሚመዘገበው። እዚህ የወጣው እዚያ ሳይገባ ቀርቶ ሠራተኞቻችን ያላጠፉትን ይጠየቃሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ፕሮግራሙ «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ኮምፓይሉን ዶከርፋይሉ ውስጥ አስገቡት። ያ ስቴጅ (የሥራ ደረጃ) በቢልድፕላትፎርም፣ ማለትም ኢሜጁን በሚሠራው ማሽን ፕሮሰሰር፣ ይሂድ፤ የታርጌትአርክን (የሚላክለትን ፕሮሰሰር) ዋጋ ለጎአርክ፣ ጎ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚሠራ ለሚነግረው መቼት፣ ስጡት። የሲ ላይብረሪ ካልገባበት ጎ ያለ ኢሙሌሽን ለአርም64 ኮምፓይል ያደርጋል። ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ኢሙሌሽን የሌለበት አርም ሊኑክስ ላይ አስነሱት።

ስለዚህ የተስተካከለው ኢሜጅ በዚህ ሳምንት እንዲላክልን፣ እስከዚያ ላልተጠቀምንበት ጊዜ የከፈልነው ተጨማሪ ገንዘብም እንዲመለስልን እንጠይቃለን። መልሳችሁን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የመደብሩ የሲስተም ኃላፊ፣ ኮምቦልቻ