የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ ባሕር የለም፣ ካያክ የለም፣ ደብተር ግን አለ

ዘንድሮ ክበባችን የዓሣ ክበብ ሆኖ አረፈው። እኔ አይደለሁም የመረጥኩት። በጥቅምት የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የያዝኩት ዕቅድ እንደ አምናው ዝናብ መለካትና ችግኝ መትከል ነበር። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን ስልኩን አወጣና (ስልክ ግቢ ውስጥ ክልክል ነው፣ እንዳላየ አለፍኩት) ሰዎች ካያክ በሚባል ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ ተቀምጠው ከባሕር ዳርቻ ብዙም ሳይርቁ ዓሣ ሲያጠምዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተ። ስብሰባው በዚያው አለቀ። «ቲቸር፣ ያን ሁሉ ውሃ ትቶ እዚህች ጋ ብቻ ለምን ቆመ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የቤት ሥራው ለእኔም ጭምር ሆነ።

ሁለት ሳምንት ስንፈልግ ያገኘነው መልስ ቀላል ነው። ባሕር በብዙ ቦታ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ልምድ ያለው አጥማጅ ውሃው ሲጎድል ካያኩን ቤቱ ትቶ በእግሩ ይሄዳል። የተገለጠውን ወለል ያያል፦ ድንጋዩ የት ነው፣ ውሃ የሚሄድበት ቦይ በየት ያልፋል፣ አሸዋው የት አልቆ ሣሩ ይጀምራል። ይህን በስልኩ ምልክት አድርጎ ውሃው ሲሞላ ተመልሶ በላዩ ይንሳፈፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ጉድለቱ ስለሚበረታ ያኔ የሚታየው ወለል ይሰፋል። ዓሣው ደግሞ ምግብ ይዞ የሚመጣውን ውሃ ከድንጋይ ኋላ ተከልሎ ይጠብቃል እንጂ ቀኑን ሙሉ ከሞገድ ጋር አይታገልም። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ «እዚህች ጋ» የቆመው ለዚህ ነበር።

እሺ፣ እኛ ጅማ ነን። ከተማውን የሚያቋርጠው አዌቱ ወንዝ ላይ መንጠቆ ብንጥል የሚወጣልን ፌስታል ነው። ቦዬ ረግረግ ጉማሬ አለ፣ ስለዚህ ቦዬ አይታሰብም። የቀረን ግልገል ጊቤ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፎ ያለው፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ማለቴ ነው። ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶም አምባዛም አለ።

ስለ ካያኩም ልናገር። የ11ኛ ክፍል ልጆች ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቀርከሃ አስረው «ሠራን» ብለው መጡ። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራነው፤ 120 ሊትር አየር ሙሉ በሙሉ ቢሰምጥ የሚሸከመው 120 ኪሎ ያህል ነው፣ ቀርከሃውንም ጀሪካኑንም ጨምሮ። ሁለት ልጅ ከነመቅዘፊያው ከተቀመጠበት ውሃው አፋፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ላይፍ ጃኬት የለንም፣ ስለዚህ አይሆንም አልኩ። በጣም ተቀየሙኝ። ካያኩ ተፈቶ ጀሪካኖቹ አሁን ችግኝ ያጠጣሉ፣ ዕቅዴ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በኅዳር ወር ሃያ ሦስት ልጆች ይዤ፣ የወላጅ ፈቃድ ሰብስቤ፣ በመዋጮ በተከራየነው ሚኒባስ ሄድን። ውሃው ከክረምቱ በኋላ ጢም ብሎ ነበር። ዳርቻው ለዓይን በጣም ያምራል፣ ለጥ ያለ፣ ለመቀመጥ የሚመች፤ እኛም የመረጥነው ለመቀመጥ ስለሚመች ነው። መንጠቆ ጣልን፣ ዳቦ ቆሎ በላን፣ ተጨቃጨቅን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የያዝነው ጣት የምታክል አንዲት ቆሮሶ ብቻ ነበረች፣ እሷንም መለስናት። በመልሱ መንገድ ማንም አልዘፈነም።

ከዚያ እስከ ግንቦት ዝም አልን። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት ነገሩን ያነሳችው። «ቲቸር፣ ጊቤም እኮ ይጎድላል፣ በዓመት አንዴ ነው እንጂ» አለች። እውነቷን ነው! ግድቡ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ውሃው ተርባይን ሲያዞር ይከርማል፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ማለት ነው። እንደገና አዋጥተን ሄድን።

ያየነውን እስካሁን አወራዋለሁ። ኅዳር ላይ መንጠቆ የጣልንበት ቦታ ውሃው ሸሽቶት ከብት ይግጥበታል። ጉድጓድ የለው፣ ጉቶ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ልክ እንደ ኳስ ሜዳ። ዓሣ እዚያ ምን ሊሠራ ይመጣል? ወደ ግራ ትንሽ ራመድ ስንል ግን የድሮ ጅረት ቦይ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል፣ በዳሩ የደረቁ ጉቶዎች ቆመዋል። በኅዳር ከተቀመጥንበት ቦታ ሆነን ድንጋይ ብንወረውር እንኳ እዚያ ይደርሳል።

ውሃው ዳር ጭቃው ላይ ደግሞ የምጣድ ስፋት ያላቸው ክብ ጎድጓዳዎች ተደርድረው አገኘን። ልጆቹ ከብት የተኛበት ነው አሉ። የቆሮሶ ጎጆ ነው። ወንዱ ጥልቀቱ ብዙ ባልሆነ ውሃ ወለሉን በአፉና በጅራቱ እየጠረገ ይቆፍራል፣ ሴቷ እዚያ ትጥልና እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትሄዳለች፣ እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ። አፏ ሙሉ ሆኖ ብትያዝ ከእሷ ጋር የሚጠፋው ስንት ነው ብለን አሰብንና ጎጆ ያለበትን ቦታ ደብተሩ ላይ በቀይ አሰመርንበት። እዚያ አይጣልም።

መረብ ሲጠግኑ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ብዙ ረዱን። ልጆቹ «ኦቦ» እያሉ ከበቧቸው። እሳቸው ጠዋት መጀመሪያ የሚያዩት ንፋሱን ነው፤ ንፋስ የሚገፋው ውሃ ምግቡን ወደ አንድ ዳር ይሰበስባል፣ ቆሮሶም ይከተላል። ጅረት የሚገባበት ቦታ ላይ ደፍራሹ ውሃ ከጠራው የሚገናኝበትን መስመር አሳዩን። አምባዛ ካሻችሁ ግን ሌሊት ነው አሉ፣ እኔም ሌሊት የለም አልኩ። ውሃ ውስጥ መግባትም ከልክዬ ነበር፣ ቢልሃርዚያ ቀልድ አይደለም። ሁለት ልጆች ጫማቸውን ሲያወልቁ ደርሼ ተቆጥቻለሁ፣ ወላጆቻቸው ያንብቡት።

ከተመለስን በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስሎችን እየቀያየርን ያንኑ ዳርቻ በጎደለበትና በሞላበት ወቅት አስተያየነው። ኔትወርኩ ሦስቴ ተቋርጧል። ይህን መጀመሪያ ብናደርግ የኅዳሩ መዋጮ ይተርፍ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሁን ደብተሩ ላይ ያየናቸው ቦታዎች በ11 ነጥቦች ተመዝግበዋል፣ ሦስቱ በቀይ። አንዳቸውንም በመንጠቆ አልሞከርናቸውም፣ ውሃው ሲመለስ እኛ ዕረፍት ላይ ነን። የ12ኛ ክፍሎቹ ግን ቀድመው ነጥቦቹን ፎቶ አንስተው ሄደዋል። ደብተሩ የካርታ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ። መስከረም ላይ የሚመዘገብ አዲስ አባል መጀመሪያ ዋና መቻሉን ይንገረኝ።