«ከግብፅ ልጄን ጠራሁት» ያለው ነቢይ ቀጥሎ ምን አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ላይ «ለክርስቲያን ሐዲስ ኪዳን ይበቃዋል፤ ብሉይ እንደ ስሙ ያረጀ ነው» የሚል አሳብ የያዘ የአንባቢ አስተያየት አይቻለሁ። ጸሐፊው በቅን ልቡና እንደ ጻፉት አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በአንድ ጎረቤታችን ግቢ ተሰብስበን ቅዱሳት መጻሕፍትን የምናነብ ሰዎች ከዓመት በላይ የተከራከርንበት ጉዳይ ስለ ሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

አሳቡ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት ማርቅዮን የተባለ ሰው ይህንኑ በሮም አስተምሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ144 ዓ.ም. ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ተወግዷል። የሚያስገርመው ግን ብሉይን ከጣለ በኋላ የገጠመው ጣጣ ነው። ከአራቱ ወንጌላት የሉቃስን፣ ከጳውሎስ መልእክታት ደግሞ 10 ብቻ ቢያስቀርም፣ በእነዚያም ውስጥ አብርሃምና ሙሴ፣ ዳዊትና ኢሳይያስ እየተነሡ አላስቀምጥ ስላሉት፣ የጌታን የልደት ታሪክ ሳይቀር ከሉቃስ ላይ ቆርጦ ለማውጣት ተገደደ። ደግሞስ «ሐዲስ ኪዳን» የሚለው ስም ራሱ ከየት መጣ? ኤርምያስ በምዕራፍ 31 ከተናገረው ቃል ነው። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም በምዕራፍ 8 ይህንኑ የኤርምያስ ቃል እንዳለ ያሰፈረው ሲሆን፣ በሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ውስጥ ከብሉይ ከተጠቀሱት ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው።

ነገር ግን ብሉይን የሚያነብ ሰው ሁሉ በትክክል ያነበዋል ማለቴ አይደለም፤ ለዚህም ከራሴ የቀረበ ምስክር የለኝም። ሰንበት ትምህርት ቤት ባስተማርኩባቸው ብዙ ዓመታት፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ ስደርስ «ከግብፅ ልጄን ጠራሁት» የሚለውን ቃል «ሆሴዕ ስለ ጌታ ስደት የተናገረው ትንቢት ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ሆሴዕን ግን ገልጬ አላየሁም። አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የምታንሰው የጎረቤቴ ልጅ የሆሴዕን ምዕራፍ 11 ጮክ ብላ አነበበችና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚያወራው ስላለፈ ነገር ነው፤ ትንቢቱ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ልጅቷ እውነቷን ነበር። ሆሴዕ የሚናገረው በሙሴ ዘመን ከግብፅ ስለ ወጣው ሕዝብ ነው፤ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 4 እግዚአብሔር «እስራኤል የበኩር ልጄ ነው» ይላልና። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የተስፋ ቃል ሳይሆን የአባት ምሬት ነው፤ ሕዝቡ በተጠራ ቁጥር እየራቀ ለበኣል መሠዋቱን፣ አባትየው ግን ኤፍሬምን ክንዱን ይዞ መራመድ እንዳስተማረው ይተርካል። ታዲያ ማቴዎስ ይህን አያውቅም ነበር? ከማንኛችንም በላይ ያውቀዋል። እንዲያውም የሰብዓ ሊቃናት የሚባለው የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም በዚህ ቦታ «ልጆቹን» ሲል፣ ማቴዎስ «ልጄን» የሚለውን የዕብራይስጡን ንባብ ተከትሏል።

ይህ ከገባን በኋላ ንባባችንን ቀጠልን፤ ያን ጊዜ ወንጌሉ ሌላ መልክ ያዘ። ልጁ ከግብፅ ይመለሳል፤ በውኃ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ምድረ በዳ ይገባል፤ እስራኤል በምድረ በዳ በቆየበት 40 ዓመት ፈንታ 40 ቀን ይጾማል። ፈታኙም ሦስት ጊዜ ሲቀርበው ሦስት ጊዜ የሚመልስለት ከኦሪት ዘዳግም ነው፤ አንዱን ከምዕራፍ 8፣ ሁለቱን ከምዕራፍ 6። እነዚህ ምዕራፎች ደግሞ ሙሴ ያንኑ የምድረ በዳ ጉዞ እያስታወሰ፣ ስለ መናው ረኀብና ማሳህ በተባለው ስፍራ እግዚአብሔርን ስለ መፈታተናቸው ለሕዝቡ የተናገረባቸው ናቸው። የፊተኛው ልጅ እስራኤል በወደቀበት መንገድ ሁለተኛው ልጅ ክርስቶስ ሲሄድበትና ሳይወድቅ ሲቀር ማየት የሚችለው፣ የፊተኛውን ታሪክ ሙሉውን ያነበበ ሰው ብቻ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው ግን አንድ መስመር ነበር።

በሌላ ማታ ደግሞ ያስቃችሁ ይሆናል የምለው ነገር ገጠመን። «መዝሙር 22ን አውጡ» ሲባል፣ አብረውን የሚያነቡት አረጋዊ መሪጌታ በብራና ዳዊታቸው ላይ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» የሚለውን ማንበብ ሲጀምሩ፣ ልጅቷ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሷ ላይ ያገኘችው «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚለውን ነበር። ግእዙ እንደ ሰብዓ ሊቃናት፣ የእርሷ መጽሐፍ እንደ ዕብራይስጡ ስለሚቈጥር በአንድ ቁጥር ይለያያሉ። መሪጌታ ሣቅ ብለው «ልጄ፣ እኛ መዝሙርን በቁጥር አንጠራም፤ በመነሻው ነው የምንጠራው» አሏትና በ21ኛው ላይ «አምላኪየ አምላኪየ ነጽረኒ» ብለው ዜማውን ጀመሩላት።

መሪጌታ ይህን ሲሉ ሊያስተምሩን አስበው አልነበረም፤ ለእኔ ግን ከብዙ ስብከት ይልቅ ጠቀመኝ። ዳዊት የደገመ ሰው «ብፁዕ ብእሲ» ሲባል አንደኛው መዝሙር፣ «ተሣሃለኒ» ሲባል ኀምሳኛው መዝሙር ሙሉው ይመጣለታል። ቅዱሳት መጻሕፍት በምዕራፍ የተከፈሉት በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ በጌታ ዘመን የነበረ አይሁዳዊም የምዕራፍ ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ በመስቀል ላይ «ኤሎሄ፣ ኤሎሄ» (አምላኬ፣ አምላኬ) የሚለው ጩኸት ሲሰማ፣ ይህንኑ መዝሙር በቃሉ ለያዘው ሰው ልብስ መከፋፈሉ፣ ዕጣ መጣሉና የሚያልፉት ራስ መነቅነቃቸው አብሮ ይመጣበታል፤ መዝሙሩ ከእኩሌታው በኋላ ወደ ምስጋና መዞሩም እንዲሁ። ጩኸቱ የእውነት ጭንቅ አይደለም ማለቴ አይደለም። አንዱን መስመር ለብቻው የያዘ ሰው ግን ምስጋናውን አይሰማውም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ብሉዩንና ሐዲሱን በየጉባኤው ቢያስተምሩም አንዱን ከሌላው ነጥለው አያውቁም። መምህሩ «አንድም» እያለ ሲያወርድ የነቢዩ ዘመን ታሪክ አንዱ ትርጓሜ፣ የክርስቶስ ነገር ሌላው ትርጓሜ ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሁለተኛው መጣ ተብሎ የመጀመሪያው አይሰረዝም። እነዚህ መጻሕፍት ደግሞ ከእኛ በፊት ባለቤት የነበራቸው፣ ዛሬም አይሁድ በየሰንበቱ በምኵራብ የሚያነቧቸው፣ የእኛው ቤተ እስራኤልም ኦሪቱን በግእዝ ሲያነቡት የኖሩ መሆናቸውን ማስታወስ ከትዕቢት ይጠብቃል።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። በአጽዋማትና በበዓላት በምታወጡት መንፈሳዊ ዓምድ ላይ ከወንጌል የተወሰደ ትንቢት ሲጠቀስ የነቢዩ ምዕራፍና ቁጥር አብሮ ይጻፍልን። ቦታ ሲገኝም ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለው ጥቂት ይጨመርበት። አንባቢ ገልጦ ያመሳክር።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?» ብሎ ፊልጶስን እንደ ጠየቀው ይታወሳል። በሚቀጥለው ማክሰኞ እኛም ያንኑ ንባብ እንጀምራለን። ልጅቷ ግን ከምዕራፍ 53 መነሣት የለብንም ብላለች፤ ስለ እግዚአብሔር ባሪያ የሚናገረው ቃል የሚጀምረው ከምዕራፍ 52 ቁጥር 13 ነውና። መሪጌታም ተስማምተዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ አንባቢያችሁ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ