በርጩማ ሠሪው ይጠይቅሻል

ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገና በሰኔ በርትቷል፣ አዌቱ ወንዝም ሞልቷል። ሁለት ጊዜ ደውዬ ስብሰባ ላይ ነኝ አልሽኝ። እኔም ስልክ ላይ ሆዴ ይባባና የምለው ይጠፋኛል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሐሙስ ገበያ ወርጄ በርጩማ ሠሪውን አገኘሁት። ለፋሲካ መጥተሽ ሁለት ቀን አብረሽው የዋልሽውን ሰውዬ። ገና ሰላም ሳንባባል «ቴሌቪዥኑ መቼ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ስለ እሱ ያቀረብሽውን የፕሮግራም ሐሳብ ጣቢያው እንዳልተቀበለው የነገርሽኝ በግንቦት ነው። እሱ ግን እስከ ዛሬ ማታ ማታ ጎረቤት እየሄደ ቴሌቪዥን ያያል።

ሰው «ልጅሽ በየትኛው ጣቢያ ነው የምትታየው?» ሲለኝ መልስ ያጥረኝ ነበር። ዴቨሎፕመንት ፕሮዲውሰር፣ ያ አዲስ ፕሮግራም አስቦ ለጣቢያ የሚያቀርበው ሰው፣ ምን እንደሚሠራ የገባኝ አንቺን አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ሳይሽ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ስልክሽን ከቦርሳ አላወጣሽም። ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጠሽ ቡና ጠጣሽ። ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማር፣ ሦስቱን እግር እንዴት እንደሚያወጣ አየሽ። ዋንዛው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሽው። በሁለተኛው ቀን ቀረጽሽው፤ እሱም ደረቅ ደረቅ አለ። ስልኩን ስታስቀምጪ ነው ስለ አባቱ ያወራሽ። ያኔ ዝም ብለሽ ሰማሽው። ስልኩን መልሰሽ አላነሳሽም። እኔ በዚያ ኮራሁ።

ያንቺ ሪያሊቲ የሚሉት ዓይነት ፕሮግራም ነው፤ ተዋናይ የለም፣ ተጽፎ የሚጠና ንግግር የለም፤ ሰው ይሄን ሲሰማ ካሜራ ከፍቶ መተው ይመስለዋል። አንቺ ግን እዚህ ማታ ሙሉ ስትጨነቂ የነበረው ስለ ሁለተኛው ሳምንት ነው። በርጩማው አንድ ጊዜ ከታየ፣ ተመልካቹ ምን ሊያይ ይመለሳል? ያን በአንድ ገጽ መጻፍ አለ። ከዚያ ሰዎቹን መፈለግ፣ የሦስት ደቂቃ ማሳያ መሥራት፣ ጣቢያ ለጣቢያ መዞር። ጣቢያው ቢወደው እንኳ «የአየር ሰዓቱን ማን ይክፈል?» ይባልና ስፖንሰር ፍለጋ ይጀመራል። ሐሳቡ ካለፈ ብዙ ጊዜ የሚቀርጸው ሌላ ነው። ካላለፈ ደግሞ መሥራትሽን የሚያውቅ የለም። ሰባት ሐሳብ አቅርበሽ ሰባቱም ሲመለስ ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ፣ ሆዴ። ያ ሰርቫይቨር የሚሉት የደሴት ውድድር እንኳ እንግሊዝ ታስቦ መጀመሪያ የተሠራው በሰው አገር በስዊድን ነው ብለሽኝ ነበር፤ በፈረንጆች 1997። ሐሳቡን ያመነጨው ሰውዬ ሸሪክ ደግሞ በ77ቱ ድርቅ የዘፈነልን ቦብ ጌልዶፍ መሆኑን ስትነግሪኝ በጣም ነው የገረመኝ።

እኔ የማውቀው ቡና ነው። አንቺ ሕፃን ሳለሽ አንድ ዓመት ለገዢ የሚላከውን ናሙና በእጄ አንድ በአንድ ለቅሜ አሳመርኩት። ጭነቱ ሲደርስ ከናሙናው ጋር አልገጠመም። ዋጋው ወረደብኝ። እሱስ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔን ጆንያ አንድ ሳይቀር እየወጉ ነው የተቀበሉኝ፤ የሌላውን ግን ሁለቱን ሦስቱን አይተው ያሳልፉ ነበር።

ያንቺም ሦስት ደቂቃ ናሙና ነው። ጣቢያው ናሙና መሆኑን ያውቃል። በርጩማ ሠሪው ግን አያውቅም። እሱ ሙሉውን ጆንያ ነው የሰጠሽ። የአባቱን ነገር ሳይቀር ነግሮሽ፣ ቀኑን ነው የሚጠብቀው። «ማሳያ ነው፣ ላያልፍም ይችላል» ብለሽዋል ወይ? እኔ አጠገብሽ ነበርኩ፣ አልሰማሁም።

ባለፈው ዓመት ሐሳቤን ወሰዱብኝ ብለሽ ያለቀስሽበትንም አልረሳሁም። ጎረቤታችንን ጠበቃውን ጠይቄው ነበር። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሚጠብቀው የተጻፈውንና የተቀረጸውን ሥራ እንጂ ሐሳቡን ብቻውን አይደለም አለኝ። ስለዚህ የምታስቢውን በደንብ አብራርተሽ ጻፊው፣ ቀን አድርጊበት፣ ለማን መቼ እንደላክሽው መዝግቢ። ሐሳቡን ቢወስዱብሽም እዚህ መጥተው ያን ሰውዬ እንዳንቺ ማናገር አይችሉም። እሱ በሩን የከፈተው ላንቺ ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ ያሳሰበኝ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት እንድትቆዪ እፈልጋለሁ። ለመቆየት ደግሞ ሁለተኛ ስትሄጂባቸው ደስ ብሏቸው የሚቀበሉሽ ሰዎች ያስፈልጉሻል። እዚህ ጅማ ወሬ ከሂርማታ ፈረንጅ አራዳ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ደውዪለት። ቁጥሩ ከሌለሽ እኔ ሱቁ ሄጄ በስልኬ አገናኝሻለሁ። አልተሳካም በይው። ጣቢያው ያለሽን በደንብ አስረጂው፣ ይገባዋል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ በርጩማ ቀርጾ ሳይሸጥ የሚገባበት ቀን አለው። ሌላ ቦታ የምትሞክሪው ከሆነ ንገሪው። የማትሞክሪው ከሆነም ንገሪው።

የሠራልሽ በርጩማ እዚህ ነው። «ለልጅሽ ነው» ብሎ ገንዘብ እምቢ አለኝ። መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ከደወልሽለት በኋላ በመኪና እልክልሻለሁ።

እናትሽ
ጅማ