የታሪክ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ፦ ከግድግዳው የረዘመው ሰሌዳ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ 23 አባላትን ይዞ ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር ሲሆን፣ የዓመቱ ርእሰ ጉዳይ የኢትዮጵያ ወንዶች ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን ታሪክ እንዲሆን የወሰኑት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። እኔ በበኩሌ ስለ ዓድዋ ዘመን የሚያጠና ሥራ አስቤ ስለነበር በድምፅ ብልጫ ተሸንፌአለሁ። የታቀደው በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ የሚሰቀል፣ ቡድኑ በአፍሪካ ዋንጫ የተሳተፈባቸውን ዓመታት በቅደም ተከተል የሚያሳይ ሰሌዳ ማዘጋጀት ነበር። እያንዳንዱ ዓመት እኩል 10 ሴንቲ ሜትር እንዲይዝ በመጀመሪያው ስብሰባ ተወሰነ፤ የዚህ ውሳኔ መዘዝ ግን የታየን ዘግይቶ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ያደናቀፈን የዘመን አቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያ አንዱን የአፍሪካ ዋንጫ በፈረንጆች 1968፣ ሌላውን በእኛው 1968 አስተናግዳለች፤ የመጀመሪያው በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥመራ፣ ሁለተኛው በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተካሄዱ ናቸው። ከተማሪዎቹ አንዱ ምድብ ኮንጎ ኪንሻሳ የወሰደችውን ዋንጫ ሞሮኮ ከወሰደችው ጋር አቀላቅሎ ለአንድ ውድድር ሁለት አሸናፊ ስላወጣለት፣ ሦስት ሐሙሶች ሙሉ ዓመተ ምሕረት ስንለውጥ አለፉ።

የ1949 ዓ.ም. ውድድር ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በየካቲት ወር በካርቱም ሲከፈት ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ትገናኝ ነበር፤ ነገር ግን ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ተወገደችና ቡድናችን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ለፍጻሜ በቃ። በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው ኤል ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም ግብፅ በድጋሚ 4 ለ 0 አሸንፋለች።

ይህን ቂም የሚመስል ቅደም ተከተል ያላየ ሰው የ1954ን ድል በቅጡ አይረዳውም ብዬ አምናለሁ። በክበቡ ውስጥ በዓመቱ ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ የጋለው፣ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «አራት ቡድኖች ብቻ የተሳተፉበትን፣ በሁለት ጨዋታ የተወሰደ ዋንጫ ይህን ያህል ማግነን ተገቢ ነውን?» ብላ በጠየቀች ጊዜ የተነሣው ነው። ጥያቄው ድፍረት የመሰላቸው ነበሩ፤ ለእኔ ግን ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር። መልሱን የሰጠን ራሱ የጨዋታው ውሎ ነው። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ያሸነፈው ቡድን ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በዘልማድ ካምቦሎጆ በሚባለው የአዲስ አበባ ስታዲየም የሁለቱን ቀደምት ዋንጫዎች ባለቤት ገጠመ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ኋላም ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪ ሰዓት የአምበሉ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ይህም 4 ለ 2 ተፈጸመ። የሁለቱ ጨዋታዎች ውጤት አንድ ዓይነት መሆኑን ያየ ተማሪ የግልበጣ ስሕተት መስሎት አንዱን ሰርዞት ነበር። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆነው መሥራታቸውንም ከፎቶግራፋቸው በታች ጽፈናል።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት የሚነገር ነው። በ1960 ምድቡን በሦስት ድል የጨረሰው ቡድን በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፎ አራተኛ ወጣ፤ በ1968 በሜዳው ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ፤ በ1974 ሊቢያ ላይም እንዲሁ።

ቀጥሎ ሰሌዳው ባዶ ሆነ። ከ1975 እስከ 2004 ዓ.ም. ያለው ሠላሳ ዓመት በውሳኔያችን መሠረት ሦስት ሜትር ነጭ ወረቀት ይዟል። ብዙዎቹ አባላት ይህን አጥፈን እንድናሳጥረው፣ አልያም በሥዕል እንድንሸፍነው ሐሳብ አቀረቡ። ሌሎቹ ቡድኑ በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚወዳደሩበትን የሴካፋ ዋንጫ ማንሣቱን ጠቅሰው ዘመኑ ባዶ ሊባል አይገባም አሉ። እውነታቸውን ስለሆነ አራቱ ዓመታት ከመሥመሩ በታች በትንንሽ ፊደላት ተጻፉ፤ ርዝመቱ ግን እንዳለ እንዲቀር እኔም አጥብቄ ተከራክሬአለሁ።

በጥቅምት 2005 ሱዳንን በደርሶ መልስ የተሻገርንበት ስሌት ተማሪዎቹን እጅግ ማርኳቸዋል፤ በሜዳዋ 5 ለ 3 የተሸነፍንላትን ሱዳን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 በማሸነፋችን ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጪ ያገባናቸው ሦስት ግቦች አሳለፉን። የሰውነት ቢሻው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ የተመለሰበት ውድድር የተካሄደው በደቡብ አፍሪካ ነበር፤ በ1949 ሳንጫወት ያለፍናት አገር መሆኗን ያስተዋለው ከሁላችንም ታናሹ የሰባተኛ ክፍል አባል ነው። ሰሌዳው የሚያበቃው በ2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው፤ በአገራችን ካፍ የሚፈቅደው ስታዲየም አልነበረምና።

በግንቦት ወር ልንሰቅለው ስንለካው 66ቱ ዓመታት 6 ሜትር ከ60 ሆኑ፤ ግድግዳው ግን 5 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው በ1998 ላይ ማእዘኑን ዞሮ ወደ ንባብ ክፍሉ በር ይሄዳል። ከመግቢያው የቆመ ሰው ዋንጫውንና ባዶውን ወረቀት ብቻ ያያል፤ 2005ን ማየት የፈለገ ባዶውን ይዞ ማእዘኑን መዞር አለበት።