ስለ ቀኝ እጁ ልንገርሽ

የኔ ውድ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ ደህና ናቸው? ይኸው ስንት ጊዜ ድምፄን አጠፋሁብሽ። ከልጁ ጋር ስል ጊዜው ነጎደ እንጂ አንቺስ ከልቤ አልወጣሽም። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የእህትሽ ልጅ ነገር ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ነው (በጨቅላነት አንጎል ሲጎዳ እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር)፣ የያዛትም ቀኝ ጎኗን ነው መባሉን ሰማሁ። የኔም ልጅ እኮ ያው ነው።

እህትሽን እንዲህ በያት። የተጎዳው አንጎሏ እንጂ እጇ አይደለም። ግራዋ ስለሚቀላት ሁሉን በግራዋ ትሠራለች። ቀኟ ሥራ ሲያጣ ያለው አቅም እንኳ ሳይወጣ ይቀራል። ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ያየው በጦጣዎች ላይ ነው። የአንድ እጃቸው ስሜት ሲቋረጥ እጁን እርግፍ አድርገው ተዉት። ደህነኛው ሲታሰርባቸው ግን በተዉት እጅ መሥራት ጀመሩ። ደህናውን እጅ አስሮ ደካማውን የማሠራቱ ሕክምና ከዚያ ተነስቶ ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች፣ ኋላም ለልጆች ደረሰ።

ደህናው እጅ ጓንት ይለብሳል ወይም በጀሶ ይታሰራል። ሌላው እጅ በጨዋታ ይሠራል፤ ሲለምደው ጨዋታው ትንሽ ይከብዳል። በቀን 6 ሰዓት ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት የሚያሠሩ አሉ። ስዊድን ውስጥ እነ አን ክሪስቲን ኤሊያሰን በቀን 2 ሰዓት ለ2 ወር በጓንት አሠርተዋል። ለእናት የሚቻለው ይኸኛው ይመስለኛል። ማሰሩ ብቻውን ግን ሕክምና አይደለም። ጨዋታ ከሌለው ቅጣት ነው።

የኔው ልጅ ዳቦ ቆሎ ይወዳል። ግራውን ጓንት አልብሼ ቆሎውን በቀኙ ኩባያ ውስጥ እንዲጨምር አደርገዋለሁ። መያዙን ይይዛል፤ መልቀቁ ነው ጭንቁ። አውራ ጣቱ መዳፉ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ከዚያ የእጁን አንጓ ወደ ታች ያጥፈዋል፣ ጣቶቹም በዚያው ይላቀቃሉ፣ ቆሎዋ ኩባያው ውስጥ ጠብ ትላለች። ዘዴውን ማንም አላሳየውም፤ ራሱ ነው ያገኘው። እልል ነው ያልኩት!

ሁለቱን እጅ አንድ ላይ ማሠራትም አለ። አሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እነ አንድሪው ጎርደን ሁለቱን መንገዶች በእኩል ሰዓት ሲያወዳድሩ ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ጓንቱን አልፈልግም ብላ ካለቀሰች አታስጨንቋት። የባቄላ እሸት አቅርቡላት፤ በአንድ እጅ አይፈለፈልም።

አያቶች በቅቤ ማሸት ይወዳሉ። ይሹ፣ ክፋት የለውም። እጁ የሚለምደው ግን ልጅቷ ራሷ ስትሠራበት ነው። አደራ የምልሽ ሌላ ነገር አለ፦ ማዕድ ላይ «በቀኝሽ ብዪ!» ብሎ የሚቆጣት እንዳይኖር። በግራዋ ትብላ፣ ትጥገብ። የቀኙ ጊዜ ጨዋታ ላይ ነው። ጓንቱንም ያለ ፊዚዮቴራፒስት ምክር አትጀምሩት። ገና መራመድ የምትጀምር ከሆነ ስትወድቅ መደገፊያ ታጣለች።

አሁን እነዚህን ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ስንት ዓመቷ ነው? ጠርሙስ ስትከፍት ቀኟን ለመደገፊያ ታመጣዋለች? ኳስ ቢሰጧት ትለቃለች ወይስ ጨብጣ ትቀራለች? የእህትሽንም ስልክ ላኪልኝ፤ ማታ ልጁ ሲተኛ እደውልላታለሁ።

ሳምሻለሁ፣
ያቺው ጓደኛሽ